ማለዳ ሁሉ ንጹህ አየር አይደለም፦ በጎጃም ከጭስ ሰዓት ሸሽቶ ስፖርት መሥራት

ስፖርት የጀመርኩት ባሕር ዳር ነው፣ በጥር ወር። ሁሉም ሰው እንደሚለው እኔም «ጠዋት ንጹህ አየር አለ» ብዬ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሳሁ ሶምሶማ እወጣ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ቀጥሎ ደረቅ ሳል። ብርድ መታኝ ብዬ ዝንጅብል አፈላሁ፣ ሹራብ ደረብኩ፣ ሳሉ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እኔ ምጣድ በጣድኩ ቁጥር አንተ በአጥሩ ሥር ትሮጣለህ። ጭሱን ሁሉ ጠጣኸው እኮ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሰዓቴን ቀየርኩ፤ ሳሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ።

ቀዝቃዛ አየር እና ንጹህ አየር አንድ አይደሉም። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በከተሞቻችን ጭሱ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ንጋት ላይ ነው፤ ያውም እኛ «ንጹህ አየር ልቀበል» ብለን በምንወጣበት ሰዓት። ስፖርቱን ተዉ አልላችሁም። ሰዓቱን እና መንገዱን ቀይሩ ነው የምለው።

መጀመሪያ ምክንያቱ

ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ትለቃለች። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ታች ይቀመጣል። ከሱ በላይ ያለው አየር ሞቅ እንዳለ ይቀራል። ያ ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ነው። ማታ ለራት የተለኮሰው፣ ንጋት ላይ ለቁርስና ለእንጀራ የተለኮሰው፣ የዳቦ ቤቱ፣ አረቄ የሚወጣበት ቤት፣ ሁሉም ጭስ ክዳኑ ሥር ይከማቻል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ታች ያለው አየር እንደሚፈላ ውኃ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ይሄ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ክዳኑ እስኪከፈት 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ይሆናል።

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያላችሁ በውርጭ ታውቁታላችሁ። ውርጭ የሚጥለው ያው ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ካደረ ጭሱም ታች ተጣብቆ አድሯል ማለት ነው።

ጉዳት የሚያደርሰው በዋናነት በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ፒኤም 2.5 ይሉታል፤ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሆነ ልዩነቱን ገምቱት። የአፍንጫ ፀጉር አይዘውም፣ ሳንባ ጥልቀት ድረስ ይገባል፣ ከሱም የሚደቀው ወደ ደም ያልፋል። ቁጭ ብለን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር እንተነፍሳለን። ጠንከር አድርገን ስንሮጥ 60 ሊትር እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ስንሮጥ በአፋችን ነው የምንተነፍሰው፣ አፍንጫ የሚያጣራውን እንኳ እናጣለን። በዚያው ጭስ ውስጥ የቆመ ሰውና የሚሮጥ ሰው እኩል አይጎዱም።

አንደኛ፦ ሦስት ቀን የሰፈራችሁን ጭስ መዝግቡ

ማንኛውንም አፕ ከመክፈታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ውጭ ውጡና እዩ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 2 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት።

ሁለት ምልክት ምረጡ፤ አንድ ቅርብ፣ አንድ ሩቅ። ቅርቡ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የባሕር ዛፍ ጥግ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይሁን። ሩቁ ባሕር ዳር ከሆናችሁ የበዛዊት ኮረብታ ወይም ጣና ላይ ያለ ደሴት ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ደግሞ በጮቄ በኩል ያለው የተራራ መስመር። ሩቁ ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ሩቁ ጠፍቶ ቅርቡ ብቻ ከታየ ቀለል ያለ ስፖርት። ቅርቡም ከደበዘዘ ቆዩ።

ጉም እና ጭስ እንዳይምታታባችሁ። ጉም ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ፊት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ሽታ የለውም። ጭስ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይመርራል። ካልለየላችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ የለበሳችሁትን ቲሸርት አሽትቱት። ማድቤት ማድቤት ከሸተተ ያው ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ አፕ የማይነግራችሁን ነገር ታገኛላችሁ፦ ጭሱ የማን እንደሆነ። የትኛው ቤት ስንት ሰዓት ይጋግራል፣ ቆሻሻ የት ይቃጠላል፣ ዳቦ ቤቱ ስንት ሰዓት ይለኩሳል። የእኔ መንገድ ላይ ችግሩ 400 ሜትር የማትሞላ አንዲት ቅያስ ሆና ነው የተገኘችው።

ሁለተኛ፦ የጭሱን አወጣጥ ማንበብ ተማሩ

ይሄኛውን ያስተማሩኝ እማማ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ የምተማመንበትም እሱን ነው። ጠዋት ከበር ወጥታችሁ ከማድቤት ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ፈልጉ። ቆም ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ተመልከቱት።

በጥር ማለዳ ከእማማ ማድቤት የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ከጣሪያው ሁለት ሦስት ቁመት ያህል ይወጣል። ከዚያ ቆም ይላል። የማይታይ ጣሪያ የነካ ይመስል ወደ ጎን ይዘረጋና እንደተዘረጋ ነጠላ በአጥሮቹ ላይ ይተኛል። እማማ ይሄን ሲያዩ «ዛሬ ጭሱ ተኝቷል» ይላሉ። ጭሱ ከተኛ ክዳኑ አልተከፈተም። አትሩጡ፣ ጠብቁ።

ጭሱ እየተጠማዘዘ፣ እየተበጣጠሰ፣ ከፍ ብሎ ከጠፋ አየሩ መቀላቀል ጀምሯል። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚሆነው ፀሐይ ትከሻ ላይ ሞቅ ስትል ነው። ጭሱ በነፋስ ወደ አንድ ወገን ከተገፋ ደግሞ የምትሮጡት ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይሁን።

ሦስተኛ፦ ስልኩን እንደ አጋዥ ተጠቀሙበት

አይኪውኤር የሚባለው አፕ የከተማን ስም ስትጽፉለት ቁጥር ይሰጣችኋል። ዊንዲ የሚባለው የአየር ሁኔታ አፕ ላይም የፒኤም 2.5 ካርታ አለ። ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ነገር እወቁ። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ የምታዩት ቁጥር ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ስሌት የመጣ ግምት ነው። ዊንዲ የሚጠቀምበት የአውሮፓ የኮምፒውተር ሞዴል ካርታውን የሚከፋፍልበት አንዱ ሳጥን 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስፋት አለው። ያ ማለት ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። የሰፈራችሁን ምጣድ አያይም። የአዲስ አበባውን የአሜሪካ ኤምባሲ የአየር ጥራት ቁጥር ስትከታተሉ የነበራችሁም ካላችሁ፣ ስርጭቱ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ቆሟል፤ ድሮም ቢሆን ለጎጃም አይሆንም ነበር።

ስለዚህ አፑን ለአጠቃላዩ ተጠቀሙበት። ዛሬ ከትላንት ይብሳል? በአካባቢው ሰፊ ቃጠሎ ወይም አቧራ አለ? ለዚህ ይረዳል። የሰፈሩን ግን ዓይናችሁና አፍንጫችሁ ናቸው የሚያውቁት። ሁለቱ ከተጋጩ አፍንጫችሁን እመኑ።

አፑ የሚሰጠው ቁጥር ኤኪውአይ ይባላል፣ የአየር ጥራት መለኪያ ነው። ከ50 በታች አረንጓዴ ነው፣ እንደልባችሁ ሩጡ። ከ51 እስከ 100 ቢጫ፤ ጤነኛ ሰው ይሠራል፣ አስም ያለበት ሰው ራሱን ያዳምጥ። ከ101 እስከ 150 ብርቱካናማ፤ እኔ እዚህ ላይ ሩጫውን ወደ እርምጃ እቀይራለሁ፣ ሰዓቱንም በግማሽ እቀንሳለሁ። ከ150 ሲያልፍ ቀይ ነው፣ ውጭ አልሠራም። አንዳንዱ አፕ ኤኪውአይን ትቶ በማይክሮግራም ነው የሚያሳየው። በአሜሪካው መለኪያ ኤኪውአይ 50 ማለት 9 ማይክሮግራም በኩቢክ ሜትር ነው፣ 100 ማለት 35 ገደማ፣ 150 ማለት 55 ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለቱን ቁጥሮች አታምታቱ፤ 55 ማይክሮግራም እና 55 ኤኪውአይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሌላው የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። አፑ 06:00 ካላችሁ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። 09:00 ማለት 3 ሰዓት፣ 16:00 ማለት ከሰዓት 10 ሰዓት።

አራተኛ፦ ሰዓት ምረጡ፣ እንደ ወቅቱ

ከኅዳር እስከ የካቲት፦ ምርጡ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት፣ ወይም ከሰዓት ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የራት እሳት ይጀመራል፣ አየሩም መቀዝቀዝ ይጀምራል። ስለዚህ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ መሮጥ ከንጋቱ ብዙ አይሻልም። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ሰፈር ካላችሁ ያን ቀን ዕረፍት አድርጉት። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ነው፤ በሽታን ለማባረር ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም የላስቲክ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ይሄኛው ትንሽ ይከብዳል። ማሳ የሚጸዳበት፣ የበቆሎ አገዳና የሰብል ቅሪት የሚቃጠልበት ጊዜ ነው፤ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም በኩል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የጥርጊያ መንገዱም አቧራ ነው። ባሕር ዳር ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ መሮጥ አያዋጣም። እኔ በዚህ ወቅት 3 ሰዓት ላይ ወይም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምወጣው። አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ፤ ፀሐይ ስትበረታ ከመኪና ጭስ ኦዞን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፣ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ወደ ማምሻው ይቀንሳል፣ ደረትም ያስጨንቃል። መኪና በማይበዛባቸው ከተሞቻችን ግን ከኦዞኑ ይልቅ የማገዶ ጭሱ ያሳስበኛል።

ክረምት፦ ዝናብ አየሩን ያጥበዋል። ዝናብ ባባራ ማግስት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትወጡ ችግር የለውም፣ ጭቃውን ብቻ ተጠንቀቁ። ማገዶው እርጥብ ስለሆነ ግን ማድቤት አጠገብ ጭሱ ከበጋው ሊብስ ይችላል፤ ሰፈር ውስጥ ሳይሆን ወጣ ብላችሁ ሥሩ። ለቡሄ ችቦ፣ ለደመራም ያው የታወቀ ነው፣ ቀኑን አክብሩ፣ ሩጫውን ለነገ።

ዐቢይ ጾም የሚውለው ጭስና አቧራ በሚበዛበት ጊዜ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ረፋድ ላይ ያለ ውኃ ጠንከር ብሎ ቢሮጥ ይደክማል። በጾም ቀን ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ 30 ደቂቃ እርምጃ ይበቃል። ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜና እሑድ አምጡት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ውኃ ከቀመሳችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ።

«እኔ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ እገባለሁ፣ 3 ሰዓት ላይ ማን ያስሮጠኛል?» የምትሉ አላችሁ። ትክክል ናችሁ፣ ይሄ የብዙ ሰው ችግር ነው። በአዘቦት ቀን የምሳ ሰዓትን ተጠቀሙ፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ 25 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በጥላ በጥላ። ጠዋት ቤት ውስጥ ማፍታታትና ገመድ መዝለል። ከባዱን ሁሉ ለቅዳሜ። የግድ ንጋት ላይ መውጣት ካለባችሁ ደግሞ ሰዓቱ እንቢ ስላለ ቦታውን ቀይሩ።

አምስተኛ፦ መንገድ ምረጡ

ከፍ ያለ ቦታ ከዝቅተኛው ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፣ ጭሱም አብሮት። ጠዋት ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ስትመለከቱ ከተማው ላይ የተጋደመውን ግራጫ ነገር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ባሕር ዳር ላይ የጣና ዳር የእግር መንገድ ጥሩ ነው፣ በተለይ ከረፋድ በኋላ። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ያ አየር ማድቤት አልነካም። ሌሊትና ንጋት ላይ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የከተማው ጭስ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ስለዚህ ጣና ዳርም ቢሆን 12 ሰዓት ላይ እና 4 ሰዓት ላይ አንድ አይደለም።

ከአስፋልት ራቁ። መቶ ሜትር ገባ ማለት እንኳ ብዙ ይለውጣል። ከሁሉ የባሰው ዳገት ነው። ጭነት የያዘ ኢሱዙ ዳገት ሲይዝ የሚለቀው ጥቁር ጭስ እናንተም አፋችሁን ከፍታችሁ ዳገቱን በምትወጡበት ቅጽበት ይገናኛችኋል። ባጃጅ የሚሰለፍበት መዞሪያም እንዲሁ።

አዊ ዞን ላላችሁ፣ በተለይ በእንጅባራና በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ከሰል የሚከሰልበትን ቦታ እወቁት። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት እንጨት ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ለቀናት ነው የሚጨሰው። የሰው እንጀራ ነው፣ አንዱን ገበሬ ብትጠይቁት ደግሞ መቼ እንደሚለኩስና መቼ እንደሚያወጣ በደስታ ይነግራችኋል። በዚያ ሳምንት በሌላው በኩል ሩጡ።

ስድስተኛ፦ ጭሱ ካልተወ ጉልበቱን ቀንሱ

ሰዓትም መንገድም ካልተመቸ የቀረው የምትተነፍሱትን መጠን መቀነስ ነው። እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ካልቻላችሁ ቀዝቀዝ በሉ፣ በአፍንጫ ተንፍሱ።

ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም ትልልቁን አቧራ ይቀንሳል፣ ደቃቁን ግን አያስቀርም። የሐኪም ማስክም በጎን በጎኑ ያስገባል። ኤን95 የሚባለው ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ያጣራል፣ ለእርምጃ ይሆናል፤ ለብሶ መሮጥ ግን ያፍናል።

ቤት ውስጥ ከሠራችሁ አንድ ነገር አደራ። ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ስፖርት አትሥሩ፣ ለቡና ቢሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። እጣኑም ለሳንባ ያው ጭስ ነው። መስኮት ክፈቱ ወይም ሌላ ክፍል ግቡ።

የስፖርት ፕሮጀክት ልጆችን የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ይሄን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል፣ ሳንባውም ገና እያደገ ነው። ጭሱ በተኛበት ጠዋት የፍጥነት ልምምድ አታሠሯቸው። ማፍታታትና ቴክኒክ ሥሩ፣ ፍጥነቱን ወደ 10 ሰዓት አዛውሩት። አንዱ ልጅ ካሳለ «ጠንክር» ከማለት በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያዎቹን እዩ።

ሰባተኛ፦ ሰውነታችሁ የሚለውን ስሙ

የዓይን መቆጥቆጥና የጉሮሮ መከርከር ማለት ሰዓቱን ስታችኋል ማለት ነው፤ ወደ ቤት። ከሩጫ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ሳል ካለ በማግስቱ ሰዓት ቀይሩ። ደረት ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ደረት መጨነቅ፣ ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁሙ፤ ተቀምጣችሁም ካልተሻላችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አስም ያለባችሁ ፓፉን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ውጡ፣ ቤት ትታችሁት አትሂዱ። ከስፖርት በፊት ውሰዱ ከተባላችሁ በታዘዘላችሁ መሠረት ውሰዱ። የልብ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ እና በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ከላይ ካልኩት ሁሉ አንድ ደረጃ ቀንሰው ይጀምሩ፤ ለሌላው ቢጫ የሆነውን እንደ ብርቱካናማ ይቁጠሩት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደግሞ ያቺን የሦስት ቀን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። «ያስለኛል» ከማለት «ጠዋት 12 ሰዓት ስሮጥ ያስለኛል፣ 10 ሰዓት ስሮጥ አያስለኝም» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።